በሻማ ብርሃን የተሠራ ትምህርት ቤት፦ የውሃ ቀለም ሠዓሊው ኮዘንስና ሐኪሙ ሞንሮ



ታሪክና ሥዕል የማይገናኙ የሚመስላቸው ተማሪዎች አሉን። ታሪክ ማለት ንጉሥ፣ ጦርነትና ዓመተ ምሕረት፤ ሥዕል ማለት ደግሞ እጁ ላይ ተሰጥኦ ያለው ልጅ ብቻውን የሚሠራው ነገር ይመስላቸዋል። በዚህ እትም ሁለቱን አንድ ላይ የሚያመጣ ታሪክ ይዘን ቀርበናል። ታሪኩ ስለ አንድ የመልክዓ ምድር ሠዓሊና እሱን ስለደገፉት ሰዎች ነው። ነገር ግን ውስጡ ሲገባ ለእኛ ለመምህራንም ለተማሪዎችም ቅርብ የሆኑ ጥያቄዎች አሉት። ጎበዝ ልጅ ብቻውን ይበቅላል ወይስ የሚያበቅለው ሰው ይፈልጋል? የሌላውን ሥራ መገልበጥ ትምህርት ነው ወይስ ስርቆት? የሚረዳን ሰው በሌላ በኩል ጥፋት ቢኖርበትስ ምን እንላለን?

ታሪኩ የሆነው በእንግሊዝ አገር፣ በለንደን ከተማ፣ ከዛሬ ሁለት መቶ ሠላሳ ዓመት ገደማ በፊት ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የውሃ ቀለም ያኔ ምን ነበር?

በለንደን ሮያል አካዳሚ የሚባለው የሠዓሊያን ማኅበር የተቋቋመው በ1768 ነው። በዚያ ዘመን ክብር የነበረው በዘይት ቀለም ለሚሠራ ሥዕል ነበር። የጀግኖችና የቅዱሳት መጻሕፍት ታሪክ አንደኛ፣ የመኳንንት ፊት ሁለተኛ፤ ተራራና ወንዝ ከታች ይሰለፋሉ። በውሃ ቀለም የተሠራ ተራራና ወንዝ ደግሞ ከታችም ታች ነበር።

ምክንያቱም የውሃ ቀለም እንደ አገልጋይ ነበር የሚታየው። ካርታ የሚያነሱ ወታደሮች፣ የፈረሱ ግንቦችን የሚመዘግቡ ሰዎችና ተጓዦች ይጠቀሙበታል። መጀመሪያ በእርሳስ ወይም በቀለም ብዕር መስመሩ ይወጣል፤ ከዚያ በላዩ ላይ ስስ ቀለም ይቀባል። የእንግሊዝ የውሃ ቀለም አባት እየተባለ የሚጠራው ፖል ሳንድቢ እንኳ ሥራ የጀመረው በስኮትላንድ የጦር ሠራዊት የካርታ ቅየሳ ውስጥ ነበር።

አሠራሩን ለማያውቁ ተማሪዎች ባጭሩ እንንገር። ቀለሙ የተፈጨ ዱቄት ነው። ዱቄቱን ከወረቀቱ ጋር የሚያጣብቀው ከግራር ዛፍ የሚወጣ ሙጫ ነው። ይህ ሙጫ ደግሞ እኛ በምንኖርበት የአፍሪካ ክፍል ጭምር የሚለቀም ነው። በውሃ ሲበጠበጥ ይሟሟል፣ ወረቀት ላይ ሲደርቅ ይቀራል። ብርሃን ለማሳየት ነጭ ቀለም አይጨመርም፤ ወረቀቱን ሳይነኩ መተው ነው። ስለዚህ የውሃ ቀለም ሠዓሊ የት እንደሚቀባ ብቻ ሳይሆን የት እንደማይቀባም አስቀድሞ ማወቅ አለበት። አንዴ ከጠቆረ በኋላ ወደ ኋላ መመለስ በጣም አስቸጋሪ ነው።

በ1780 ገደማ ሪቭስ የሚባሉ ወንድማማቾች ቀለሙን እንደ ትንሽ ሳሙና አድርቀው መሸጥ ጀመሩ። ከዚያ በፊት ሠዓሊው ራሱ እየፈጨና እየበጠበጠ ነበር የሚጠቀመው። አሁን ግን ኪሱ ከትቶ ተራራ መውጣት ቻለ።

ጆን ሮበርት ኮዘንስ

ጆን ሮበርት ኮዘንስ በ1752 ለንደን ተወለደ። አባቱ አሌክሳንደር ኮዘንስም የሥዕል ሰው ነበር። አሌክሳንደር የተወለደው ሩሲያ ውስጥ ነው፤ አባቱ ለታላቁ ጴጥሮስ መርከብ ይሠራ ስለነበር። በኋላ ወደ እንግሊዝ መጥቶ በታዋቂው የኢተን ትምህርት ቤት ሥዕል አስተማረ። የማስተማር ዘዴው ለዘመኑ እንግዳ ነበር። ወረቀት ላይ እንደዘበት ቀለም ጣል ጣል አድርጉ፤ ከዚያ ነጠብጣቡን እያያችሁ በውስጡ ተራራ፣ ዛፍና ሐይቅ ፈልጉ ይል ነበር። ይህን ዘዴውን በ1780ዎቹ አጋማሽ በመጽሐፍ አሳትሞታል። ልጁ እንግዲህ ያደገው በእንዲህ ያለ መምህር እጅ ነው። በ1767፣ ገና በ15 ዓመቱ አካባቢ፣ ሥራው ለሕዝብ ቀረበ።

ያኔ ሠዓሊ በገዛ ገንዘቡ ሩቅ አገር የሚሄድበት አቅም አልነበረውም። ሀብታም ሰው ሲጓዝ ሠዓሊ ይዞ ይሄዳል፤ የዛሬ ሰው ፎቶ አንሺ ይዞ እንደሚሄደው ማለት ነው። ኮዘንስ ሁለት ጊዜ በዚህ መንገድ ሄደ። የመጀመሪያው በ1776 ሲሆን፣ ሪቻርድ ፔይን ናይት ከሚባል ምሁርና ባለርስት ጋር በስዊዘርላንድ አልፎ ጣሊያን ገባ፤ እስከ 1779ም ቆየ። ሁለተኛው በ1782 ከዊልያም ቤክፎርድ ጋር ነው።

ቤክፎርድን ትንሽ ቆም ብለን እንየው። አባቱ የለንደን ከንቲባ ነበሩ፤ በ1770 ሲሞቱ ልጁ አሥር ዓመት እንኳ ሳይሞላው እጅግ ብዙ ሀብት ወረሰ። ሀብቱ ከየት መጣ? ከጃማይካ የሸንኮራ አገዳ እርሻ። በእርሻው ላይ የሚሠሩት ከአፍሪካ ተጭነው የተወሰዱ ሰዎችና ልጆቻቸው ነበሩ፤ በባርነት፣ ያለ ደመወዝ። ቤክፎርድ በ1782 ሐኪም፣ ሙዚቀኛ፣ አስተማሪና ሠዓሊ አስከትሎ በብዙ ሠረገላ አልፕስን ሲሻገር፣ የሠረገላውም የወረቀቱም የቀለሙም ዋጋ የተከፈለው ከዚያ ላብ ነው። ሥዕሎቹን ስናይ ይህን መርሳት የለብንም። የሥዕሉን ውበት አይቀንሰውም፤ ግን የታሪኩ አካል ነው።

ኔፕልስ ሲደርሱ ኮዘንስ በንዳድ ታመመ። ቤክፎርድ በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ሠዓሊው ግን እስከ 1783 ድረስ ጣሊያን ቀርቶ ብቻውን እየዞረ ሣለ። ከዚያ ጉዞ የተረፉት ሰባት የንድፍ ደብተሮች ዛሬ በማንቸስተር ከተማ ዊትዎርዝ በተባለው የሥዕል ሙዚየም ይገኛሉ። ለንደን ከተመለሰ በኋላ ከንድፎቹ እየተነሳ ለቤክፎርድ ትልልቅ የውሃ ቀለም ሥዕሎች ሠራ።

ታዲያ ሥራው ምኑ አዲስ ነበር? ኮዘንስ በጥቂት ቀለም ነው የሚሠራው፤ ሰማያዊ፣ ግራጫና አመድማ አረንጓዴ። መስመር አውጥቶ ውስጡን መሙላት ትቶ፣ ተራራውን ራሱን በትንንሽ የብሩሽ ጭረት አቆመው። ከፊት ያለው ጠቆር ይላል፣ የሩቁ እየሳሳ ሄዶ ከጉሙ ጋር ይቀላቀላል። የአልባኖ ሐይቅን ወይም የአልፕስ ገደሎችን በሣለበት ሥዕል ሰው አለ ቢባል እንኳ ጉንዳን ያህል ነው። ሰዎቹ ሲያዩት ይህ ቦታ የት ነው ብቻ ብለው አልጠየቁም፤ ዝም ነው ያሰኛቸው። የውሃ ቀለም ከመዝጋቢነት ወደ ስሜት የተሻገረው በአብዛኛው በእሱ እጅ ነው ማለት ይቻላል። ከእሱ በኋላ የመጣው ትልቁ ሠዓሊ ጆን ኮንስታብል መልክዓ ምድርን ከነኩት ሁሉ የሚበልጠው ኮዘንስ ነው እስከማለት ደርሷል።

ሐኪሙና ሕመምተኛው

በ1794 መጀመሪያ አካባቢ ኮዘንስ አእምሮው ታወከ። ዕድሜው ገና አርባዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር። ሚስትና ትንሽ ልጅ ነበሩት፤ ገቢው ግን ቆመ። ቤክፎርድ ሊረዳው ብቅ ያለበት ነገር በታሪኩ ውስጥ አናይም፤ በ1805 እንዲያውም ኮዘንስ የሠራለትን ከ90 በላይ ሥዕል በጨረታ ሸጧል። የደረሱለት ሌሎች ናቸው። ሮያል አካዳሚ 10 ጊኒ ሰጠ። ሥዕል ወዳዱ ባለርስት ሰር ጆርጅ ቦሞንትና የመጀመሪያው የጉዞ ጌታው ፔይን ናይት በመዋጮው ገቡ። ሕክምናውን የያዘው ደግሞ ዶክተር ቶማስ ሞንሮ ነበር፤ ክፍያም አልጠየቀም።

ሞንሮ በ1759 ተወለደ። ቤተሰቡ ከአባት ወደ ልጅ የአእምሮ ሐኪም ነበሩ። እሱም ከ1792 ጀምሮ የቤትለም ሆስፒታል ሐኪም ሆነ። አዲስ አበባ ውስጥ «አማኑኤል» ሲባል ሁሉም ምን ማለት እንደሆነ እንደሚገባው፣ በለንደንም «ቤድላም» ሲባል ሁሉም የሚያውቀው ይህ ሆስፒታል ነው። ሞንሮ ከሥራው ሲመለስ ግን ሌላ ሰው ነው። ራሱም ይሥላል፣ ሥዕል ይሰበስባል። ቤቱ በቴምዝ ወንዝ ዳር፣ አደልፊ ቴራስ በሚባለው ሰፈር ነበር።

ኮዘንስ አልዳነም። በታኅሣሥ 1797 ሞተ። ነገር ግን እሱ ታሞ በተኛባቸው በእነዚያ ዓመታት፣ በሐኪሙ ቤት አንድ ሌላ ነገር እየተካሄደ ነበር።

ከምሽቱ 12 እስከ 4 ሰዓት

ሞንሮ ወጣት ሠዓሊያንን ማታ ማታ ቤቱ ይጠራ ነበር። ከመጡት ውስጥ ሁለቱ እኩያሞች ናቸው፤ ሁለቱም በ1775 የተወለዱ። አንዱ ቶማስ ገርቲን፣ የብሩሽ ሠሪ ልጅ፤ አባቱ በልጅነቱ ሞቶበታል። ሌላው ዊልያም ተርነር፣ የፀጉር አስተካካይ ልጅ። የተርነር አባት የልጁን ሥዕሎች ፀጉር ቤቱ ውስጥ ሰቅሎ በጥቂት ሽልንግ ይሸጥ ነበር። ሽልንግ የሚለው ስም ለእኛም አዲስ አይደለም፤ በምሥራቅ አፍሪካ ገበያ እስከዛሬ የምንሰማው ቃል የመጣው ከዚያው ከእንግሊዝ ገንዘብ ነው።

የእነዚያን ምሽቶች ነገር የምናውቀው ጆሴፍ ፋሪንግተን የተባለ ሠዓሊ በየቀኑ ማስታወሻ ይጽፍ ስለነበር ነው። በ1798 ሁለቱ ወጣቶች የነገሩትን ጽፎታል። ለሦስት ዓመት ያህል ወደ ዶክተሩ ቤት ይሄዱ ነበር። ከምሽቱ 12 ሰዓት ገብተው እስከ 4 ሰዓት ይሠራሉ። ሥራው በአብዛኛው የኮዘንስን ንድፎችና ያልተጨረሱ ሥዕሎች መገልበጥ ነው። ገርቲን መስመሩን ያወጣል፣ ተርነር ቀለሙን ይቀባል። ተርነር በአንድ ምሽት 3 ሽልንግ ከ6 ፔንስ ይከፈለው ነበር። እራትም እዚያው ይበላሉ፤ ከኦይስተር ጋር ይባላል፣ ኦይስተር ያኔ በለንደን የድሃ ምግብ ነበር። የሠሩት ወረቀት ለሞንሮ ይቀራል።

ይህ ነገር ለምን አስፈለጋቸው? ተርነር እኮ ከ14 ዓመቱ ጀምሮ የሮያል አካዳሚ ተማሪ ነበር። ነገር ግን አካዳሚው ያኔ የሚያስተምረው ከጥንት ሐውልት ቅጂና ከቆመ ሰው ፊት መሣል ነው። ቀለም መቀባት አያስተምርም፤ መልክዓ ምድርማ ከነጭራሹ የለም። የሌለውን ትምህርት የሞላው የአንድ ሐኪም ሳሎን ነው። ጠረጴዛ፣ ሻማ፣ ወረቀት፣ ከፊት የሚቀመጥ ጥሩ ሥራና እራት፤ ይኸው ነው።

ሁለተኛውን ምክንያት ለእኛ አንባቢዎች መግለጽ ብዙም አያስቸግርም። በ1793 እንግሊዝና ፈረንሳይ ጦርነት ገጠሙ። ለብዙ ዓመት ለአንድ ተራ እንግሊዛዊ ወጣት ወደ አውሮፓ የሚወስደው መንገድ ዝግ ሆነ። ገርቲንና ተርነር ያን የመሰለ የአልፕስ ተራራ፣ ያን የመሰለ የጣሊያን ሐይቅ ሲያወጡ አንዱንም በዓይናቸው አላዩትም። ያዩት በአንድ በታመመ ሰው እርሳስ በኩል ነው። እሱ ከአሥር ዓመት በፊት ድንበር ተሻግሮ ያመጣው ወረቀት ለእነሱ አገር ሆነላቸው።

ተርነር በ1802 ጦርነቱ ለአጭር ጊዜ ሲቆም አልፕስን አየ። ሮምና ኔፕልስ የደረሰው ግን በ1819 ነው፤ 44 ዓመቱ ነበር። ገርቲን ፓሪስ ድረስ ሄዶ ተመለሰ፤ ጣሊያንን ሳያይ በኅዳር 1802 በ27 ዓመቱ ሞተ። በእጁ ስንት ጊዜ ያወጣውን አገር አንድ ቀን አልረገጠውም። ያም ሆኖ ከመሞቱ ሁለት ዓመት በፊት የሣለው የቼልሲ ነጭ ቤት፣ በቴምዝ ወንዝ ላይ ምሽት ሲወርድ የሚያሳየው፣ በውሃ ቀለም ታሪክ ውስጥ ከታላላቆቹ አንዱ ነው። የገዛ ሰፈሩን ወንዝ እንዲያ አድርጎ ማየት የተማረው የሰው አገር ሐይቅ እየገለበጠ ነው።

መገልበጥና መስረቅ

ተማሪዎቻችን «ገልብጠሃል» ሲባሉ ያፍራሉ፤ ፈተና ላይ ከሆነ ማፈራቸውም ትክክል ነው። ነገር ግን ሁሉም መገልበጥ አንድ አይደለም። የፈተና ኮፒ የሚያደርግ ልጅ መልሱን ይወስዳል እንጂ መንገዱን አያይም። ገርቲንና ተርነር ግን ያልተጨረሰ ሥራ ነበር የሚሰጣቸው። መስመሩ አለ፣ ብርሃኑ የለም። ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ፣ ጥላው የት እንደሚወድቅ፣ የሩቁ ተራራ ምን ያህል መሳሳት እንዳለበት ራሳቸው መወሰን ነበረባቸው። ተርነር በስተርጅናው ስለዚያ ጊዜ ሲጠየቅ፣ ከዚያ የተሻለ ልምምድ የት ይገኛል ብሎ እንደመለሰ ይነገራል። የእኛ ቁም ጸሐፊዎችም ብራና ላይ የመምህራቸውን ፊደል እየተከተሉ ነው እጃቸውን ያቀኑት።

ሌላም ነገር አለ። ሁለቱ በአንድ ወረቀት ላይ ስለሠሩ እጃቸው ተቀላቅሏል። ዛሬም ሊቃውንት የትኛው የገርቲን፣ የትኛው የተርነር ነው እያሉ ይከራከራሉ። ለሙዚየም ችግር ሊሆን ይችላል። ለእኛ ለመምህራን ግን ጥሩ ትምህርት ነው፤ ሁለት ተማሪ አንድ ወረቀት ላይ ተባብሮ ሲሠራ ማን ምን እንደሠራ መለየት እስኪያቅት ድረስ መማር ይቻላል።

ሌሎችም በዚያ ቤት አልፈዋል። ጆን ቫርሊ፣ ጆን ሴል ኮትማን፣ ፒተር ደ ዊንት፣ ጆን ሊኔል፤ እነዚህ ሁሉ በኋላ ስማቸው የተጠራ ሠዓሊያን ናቸው። በ1804 የውሃ ቀለም ሠዓሊያን የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ፤ ቫርሊም ከመሥራቾቹ አንዱ ነበር። በ1805 የመጀመሪያ ኤግዚቢሽናቸውን አሳዩ። ከታችም ታች የነበረው ሥራ በራሱ እግር ቆመ።

የደጉ ሰው ሌላ ገጽ

እዚህ ላይ ብናቆም ታሪኩ ያምራል። ግን ሙሉ አይሆንም።

በ1814 ቤትለም ሆስፒታልን ለማየት የገቡ ሰዎች ጄምስ ኖሪስ የሚባል ሕመምተኛ አገኙ። አንገቱና ሰውነቱ በብረት ታስሮ፣ ብረቱ ከምሰሶ ጋር ተያይዞ፣ ለአሥር ዓመት ያህል እንደዚያ ኖሯል። ነገሩ ፓርላማ ደረሰ። በ1815 ሞንሮ ተጠርቶ ተጠየቀ። በራሱ የግል ሕክምና ቤት፣ ሀብታሞች በሚታከሙበት፣ ሰንሰለት እንደማይጠቀም፤ ሰንሰለት ለድሆች እንደሆነ፣ ጨዋ ሰው በብረት መታሰርን እንደማይወድ ተናገረ። በ1816 ከቦታው ተነሳ።

ይኸው ሰው ነው ኮዘንስን በነፃ ያከመው። ይኸው ሰው ነው ለድሃ ልጆች ሻማ ያበራው። የተርነር እናት ሜሪም አእምሯቸው ታውኮ በ1800 ወደ ቤትለም ገብተው በ1804 አረፉ፤ ሐኪሙ ያኔም ሞንሮ ነበር። ልጁ ሥዕል የተማረበት ቤትና እናቱ ያለፉበት ቤት አንድ ባለቤት ነበራቸው ማለት ነው።

እኛ እንዴት እንፍረድ? በመካከላችንም ተወያይተናል። አንዳንዶቻችን ደግነቱ በሥዕል ለሚያውቃቸው ብቻ ነበር፣ ስም የለሹ ድሃ ግን ከደጁ አልደረሰም አልን። ሌሎቻችን ደግሞ የዘመኑ ሕክምና እንደዚያ ነበር አልን። ይህ መልስ ግን ብዙ አያስኬድም፤ በዚያው ዘመን በፓሪስና በእንግሊዝ ዮርክ ከተማ ሕመምተኛን ያለ ሰንሰለት የሚያክሙ ሰዎች ነበሩና። የተስማማንበት አንድ ነገር ነው፦ ውለታን ለመመስከር ጥፋትን መደበቅ አያስፈልግም፣ ጥፋትን ለመናገርም ውለታን መካድ አያስፈልግም። ሁለቱንም መጻፍ ነው የታሪክ ሥራ። በእርዳታ የምንማርና የምናስተምር ሰዎች ይህን ብንለማመድ መልካም ነው። የተቀበልነውን እናመሰግናለን፤ ዓይናችንን ግን አንጨፍንም።

ተርነር ራሱ ምን አለ? ሞንሮ ለእሱም ለገርቲንም ቁም ነገር ያለው ወዳጅ እንደነበር ለፋሪንግተን ነግሮታል። ሞንሮ በ1833 ሲሞት ስብስቡ ለጨረታ ቀረበ። ያኔ ታላቅና ሀብታም የሆነው ተርነር ከጨረታው በርከት ያሉ ወረቀቶችን ገዛ። በልጅነቱ በ3 ሽልንግ ከ6 ፔንስ የሠራውን በገንዘቡ መልሶ ወሰደ። ወረቀቶቹ እሱ በ1851 ከሞተ በኋላ ከሌሎች ሥራዎቹ ጋር ለአገሩ ሕዝብ ሆኑ። የኮዘንስ ዋጋም ተለውጧል። የአልባኖ ሐይቅን ከሣለባቸው የውሃ ቀለም ሥዕሎች አንዱ በ2010 ለንደን ውስጥ በጨረታ ወደ 2.4 ሚሊዮን ፓውንድ ተሸጧል። ሲታመም የተሰጠውን 10 ጊኒ ከዚህ ጋር ማነጻጸር ለተማሪዎች ጥሩ የሒሳብ ጥያቄ ይወጣዋል።

ወደ እኛ አገር የደረሰ ክር

ይህ ታሪክ ከኢትዮጵያ ጋር የሚገናኝበት አንድ እውነተኛ ክር አለ። ያ የማስታወሻ ጸሐፊ ፋሪንግተን መምህርም ነበር። በ1797 ሄንሪ ሶልት የሚባል የ17 ዓመት ልጅ ሥዕል ሊማር እሱ ዘንድ ገባ። በ1802 ሎርድ ቫለንሺያ የሚባል መኳንንት ወደ ምሥራቅ ሲጓዝ ሶልትን ጸሐፊና ሠዓሊ አድርጎ ወሰደው፤ ልክ ቤክፎርድ ኮዘንስን እንደወሰደው። በ1805 ቫለንሺያ ከቀይ ባሕር ሶልትን ወደ ትግራይ፣ ወደ ራስ ወልደ ሥላሴ ላከው። ሶልት አክሱም ደርሶ ሐውልቱን ሣለ፤ የንጉሥ ኢዛናን የግሪክ ጽሑፍም ገለበጠ። በ1809 ያሳተማቸው 24 ሥዕሎች ውስጥ የአክሱም ሐውልት አለ። ካሜራ ከመፈልሰፉ በፊት የአገራችን ተራራና ከተማ ምን ይመስል እንደነበር ከሚያሳዩን ጥቂት ሥራዎች መካከል ናቸው።

እዚህም ጥያቄው ያው ነው። ሥዕሉን ማን አስሠራው? ለምን ፈለገው? ቫለንሺያ ስለ ቀይ ባሕር ንግድ ያስብ ነበር። ሥዕሉ ለእኛ ማስረጃ ሆኖ ቀረ እንጂ ለእኛ ተብሎ አልተሣለም።

ለመምህራን፦ በክፍል ውስጥ

ቀለም ከሌለ በእርሳስና በከሰል ይበቃል። ሁለት ሁለት ተማሪ አንድ ወረቀት ይውሰድ። አንዱ ከበራችን የሚታየውን ኮረብታ ወይም የዛፍ መስመር ብቻ ያውጣ፤ ጥላ አይጨምር። ሌላው ወረቀቱን ይቀበልና ፀሐይዋ በየት በኩል እንዳለች ወስኖ ጥላውን ይሥራ። በሚቀጥለው ቀን ቦታ ይለዋወጡ። ነጩን ወረቀት የት እንደተዉት ለክፍሉ ያስረዱ። ከዚያም እነዚህን ጥያቄዎች ይወያዩባቸው።

1. ቤክፎርድና ሞንሮ ሁለቱም ደጋፊዎች ነበሩ። ልዩነታቸው ምንድን ነው?

2. የጃማይካ እርሻ ሠራተኞች በዚህ ታሪክ ውስጥ ስማቸው የለም። ለምን ይመስላችኋል?

3. ሄዳችሁ የማታውቁትን አገር በሌላ ሰው ሥዕል፣ ጽሑፍ ወይም ወሬ የተማራችሁበት ጊዜ አለ? እዚህ ካምፕ የተወለዳችሁ ተማሪዎች፣ ስለ ወላጆቻችሁ አገር የምታውቁት እንዴት ነው?

በሦስተኛው ጥያቄ ላይ ጊዜ እንዲሰጥ እንመክራለን። ከተማሪዎቹ ግማሹ የወላጆቹን መንደር በዓይኑ አላየውም፤ ያም ሆኖ ወንዙ በየት በኩል እንደሚወርድ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ ከየትኛው ኮረብታ ላይ እንዳለ በትክክል የሚናገር ልጅ አይጠፋም። መስመሩን የሰጡት ወላጆቹ ናቸው። ይሣሉት፤ ከዚያ ወረቀቱን ወደ ቤት ወስደው ለወላጆቻቸው ያሳዩና የት ላይ እንደተሳሳቱ ይጠይቁ።